ሳንቀምስ የቆረጥነው አፕሪኮት

ሳን ሆዜ ውስጥ የማስታምማቸው አዛውንት ጓሮ ሦስት የአፕሪኮት ዛፎች ነበሩ። አፕሪኮት አይቶ ለማያውቅ፣ ኮክን ይመስላል፤ ከኮክ ግን አነስ ይላል፤ ሲበስል እንደ እንቁላል አስኳል ብጫ ሆኖ በፀሐይ በኩል ያለው ጉንጩ ቀላ ይላል። ዛፎቹ አርጅተዋል። አንደኛው በእንጨት ድጋፍ ነው የቆመው። መጀመሪያ እዚያ ቤት ስገባ ልብ አላልኳቸውም። ልብ ያልኩት የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማዳለጡንና የበሩ ደፍ ለዊልቸር ከፍ ማለቱን ነው። ሥራዬ አዛውንት እንዳይወድቁ መጠበቅ ነበርና ዓይኔ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አያይም።

የምኖረው ኦክላንድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሳይነጋ ተነስቼ፣ ዳዊቴን ደግሜ፣ ፍሪዌዩ ሳይጨናነቅ ወደ ሳን ሆዜ እወርዳለሁ። እሳቸውን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ደክሟል። ጉሮሯቸው ምግብ በደንብ ስለማያወርድ የሚበሉት ሁሉ ተፈጭቶ እንደ አጥሚት ነው የሚቀርበው። ጣዕምም ጠፍቶባቸዋል። «ካሮትና ዶሮ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በቀለም ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር።

«ያንግ ሌዲ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ያንግ ሌዲ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ መጀመሪያ «ሰር» እላቸው ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን አፌ አልታዘዝ ብሎኝ አባባ አልኳቸው። ምን ማለት ነው ሲሉኝ፣ አባት ማለት ነው፣ ከነክብሩ አልኳቸው።

«የኔ ልጅ አባቴ የምትለኝ ያለ ክብሩ ነው» አሉና በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ሌላው ግማሽ ከስትሮኩ ወዲህ አይስቅም።

ስለ ጾሜ የሚያውቁት ትንሽ ነበር። በጾም ወራት ሥጋና ወተት እንደማልነካ አይተው «ቪጋን ነሽ» አሉኝ። ማስረዳቱ ረዘመብኝና አዎ አልኩ። ሰዓት እንደምጠብቅ ግን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም እንደማልቀምስ፣ አልነገርኳቸውም። ምሳቸውን ሳበላቸው «አንቺስ?» ይሉኛል። «ቆየት ብዬ» እላለሁ። ውሸትም አይደለም፤ ቆየት ብዬ እበላለሁ። እናቴ ጾመኛ ነኝ ብሎ የሚያወራ ሰው ዋጋውን በአፉ ተቀብሎ ጨርሷል ትል ነበር። በዚያ ነው ያደግኩት። ሰው አገር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ጾመኛ ነኝ ስትይ ያዝኑልሻል፣ ወይ ሐኪም ያማክሩሻል።

ጠዋት ጠዋት ዊልቸራቸውን እየገፋሁ ሰፈሩን እናዞራለን። እሳቸው በግራ እጃቸው እየጠቆሙ ያስተምሩኛል። ይሄ የጎረቤታችን የፕሪም እርሻ ነበር። ይሄ የፍሬ ማድረቂያው ሜዳ ነው። የሚያሳዩኝ የትልቅ ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ነው። መጀመሪያ የዕድሜ ነገር መስሎኝ እሺ እሺ እያልኩ እገፋ ነበር። በኋላ ሲደጋግሙት፣ አንዱን ከአንዱ ሳይምታታባቸው በየመንገዱ ጥግ የባለቤቱን ማንነት፣ የዛፉን ዓይነት፣ የጉድጓዱን ውሃ ጥልቀት ሲነግሩኝ፣ እኔ በአስፋልቱ ላይ፣ እሳቸው ደግሞ ከአስፋልቱ በታች ባለው አገር እየሄድን መሆኑ ገባኝ።

«ይሄ ሸለቆ በጸደይ ነጭ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «ከተራራው ላይ ስታይው በረዶ የጣለ ይመስልሻል። ሰው ከሩቅ ከተማ አበባ ሊያይ በባቡር ይመጣ ነበር።»

«ታዲያ ምን አገኘው?»

«በዛ።»

«ምኑ?»

«ፍሬው» አሉ። «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ያለንን ሁሉ ገዛን። የደረቀ ፕሪም፣ የደረቀ አፕሪኮት፣ ሁሉንም ለወታደር። አባቴ ተጨማሪ ዛፍ ተከለ። ጎረቤቱም ተከለ። ዛፍ እንደ ስንዴ አይደለም፣ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። የኛ ሲደርስ ጦርነቱ አልቋል። ወታደሩም ወደ ቤቱ ገብቶ የደረቀ ፕሪም ዳግመኛ ላለማየት ምሏል።»

እኔ በዛ ተብሎ ሲማረሩ ሰምቼ አላውቅም። በተወለድኩበት ከተማ ገበሬ የሚማረረው ዝናብ ቀረ፣ አንበጣ ወረደ፣ ዋግ መታው ብሎ ነው። «መብዛቱ በረከት አይደለም እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

«በረከትማ ነው። ዋጋው ግን ይወድቃል። ስለዚህ አምራቾቹና መንግሥት ተስማምተው ደንብ አወጡ። ከምታደርቂው ላይ ይህን ያህል ድርሻ ለይተሽ ገበያ እንዳይወጣ ታስቀምጫለሽ። የተለየው ለከብት መኖ ሆነ፤ ለተማሪ ቤት ምሳ ሆነ። አባቴ ያንን ድርሻ ሲያስረክብ አብሬው ነበርኩ። ባርኔጣውን አወለቀ። ዝም ብሎ አወለቀ፣ ቀብር ላይ እንደሚደረገው።»

ያን ቀን እኔም የራሴን ነገርኳቸው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የእርዳታ ስንዴ ገንፎ ይሰጠን ነበር። ጆንያው ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች ተስለውበታል። ባዶውን ጆንያ እናቴ ለምና ታመጣና ጭድ ሞልታ ፍራሽ ትሰፋበታለች። እኔና እህቴ ለረጅም ዓመታት በሁለቱ እጆች ላይ ነው የተኛነው።

ዊልቸሩን አቁሚ አሉኝ። አቆምኩ። «ስንዴው የኛ ሸለቆ አይደለም፤ የመሐል አገር ገበሬዎች ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ነገሩ ግን ያው ነው። የላክንላችሁ የማንፈልገውን ነው።»

«እኛ ግን እንፈልገው ነበር።»

«እንግዲህ የሚያሳዝነው እሱ ይሁን የሚያስደስተው፣ አላውቅም» አሉና ግፊ አሉኝ።

የቀረውን ታሪክ በብዙ ጠዋት ከፋፍለው ነው የነገሩኝ። ከተማው በየመንገዱ ዳር ጣቱን እየዘረጋ እርሻውን በየቁራጩ ወደ ክልሉ አስገባው። ግብሩም የሚተመነው በመሬቱ ላይ ባለው ዛፍ ሳይሆን ሊሠራበት በሚችለው ቤት ሆነ። አንዱ ጎረቤት ሸጠ። የሱ ዛፍ ሲነቀል የሌላው ግብር ከፍ አለ። እርሻን ከከተማ የሚጠብቅ ሕግ ይውጣ ተብሎ ወጣ፣ ግን ከመሐል የሸጡት ብዙዎች ስለነበሩ የቀረው እንደ ተነቃቀለ ጥርስ ሆነ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ እሳቸውም ሸጡ። ከሁሉ የከበዳቸው መሸጡ አልነበረም። የተነቀሉት ዛፎች ተከምረው ሲቃጠሉ ጭሱ ማር ማር ይሸት ነበር አሉ። ሳምንት ሙሉ ሚስታቸው መስኮት አልከፈተችም። ከቤቱ ጓሮ ሦስቱን ዛፎች ብቻ አስቀሩ።

ስለ እናታቸው ሲያወሩ ግን ፊታቸው ይበራል። እናታቸው የፍሬ መቁረጫው ዳስ አለቃ ነበሩ። የሰፈሩ ሴቶችና ልጆች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው አፕሪኮቱን ለሁለት እየከፈሉ፣ የውስጡን ጠንካራ ፍሬ እያወጡ በእንጨት ገበታ ላይ ይደረድራሉ። እናትየው እየዞሩ የሚመለከቱት ገበታውን ሳይሆን የቆራጮቹን አገጭ ነው።

«አገጭ?» አልኳቸው።

«አገጩ የረጠበ ከሆነ እየበላ ነው ማለት ነው። እየበላ ከሆነ ፍሬው ጥሩ ነው፣ ዓመቱም ጥሩ ነው። ቆራጩ ያልበላውን ማንም አይገዛውም ትል ነበር።»

ሳቅሁ። ጥሩ አባባል ነው ብዬ እዚያው ተውኩት።

በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ ልጃቸው አንድ ነገር ይዛ መጣች። ልጃቸው የምትኖረውም የምትሠራውም ፕሌዘንተን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የሷ ልጅ አራስ ሕፃን ይዛ ሄይዋርድ ውስጥ በጠባብ አፓርትመንት ነበረች፤ በዚህ አገር ኪራይ ወጣት ባልና ሚስት ወዴትም መፈናፈኛ የላቸውም። ጓሮው ላይ ትንሽ ቤት ሠርታ ልጇን ከነሕፃኑ ወደ አያትየው ልታስጠጋ አሰበች። ለዚያ ደግሞ ዛፎቹ መነሣት አለባቸው።

«ያንተ ቤት ነው አባዬ፤ አይሆንም ካልክ አልነካውም» አለቻቸው እኔ ፊት።

እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ዘንድሮ ፍሬው እንደ ድሮው ይቆረጥና ይድረቅ። ከዚያ በኋላ መልሴን እነግርሻለሁ» አሏት።

እንግዲህ የሦስቱ ዛፎች ዕድል በዚያች መልስ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። እኔ የሰው ቤት ሰው ነኝ፣ ይሁን አይሁን የማለት መብት የለኝም። ግን ሕፃኑም የሚመጣበትን፣ ዛፉም የሚተርፍበትን መንገድ አንተ ታውቃለህ እያልኩ በየጠዋቱ ጸሎቴ ውስጥ አስገባሁት። ዛፍን ለእግዚአብሔር አደራ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥያቄው ማን ይቁረጠው ነበር። እኔም የማኅበሬን ሴቶች አሰብኩ። በወር አንድ ጊዜ በየተራ በየቤታችን የምንሰበሰብበት የጽዋ ማኅበር አለን። ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠው ኤርትራዊት ናት፤ አደይ፣ በትግርኛ እናቴ፣ እያልን ነው የምንጠራት። አዲስ አበባ ነግዳ፣ ኦክላንድም ትንሽ ሱቅ ከፍታ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይበልጣል። ነገሩን ስነግራት ያከራከራት አንድ ነገር ብቻ ነው። ድሮ አፕሪኮቱን ከማድረቃቸው በፊት ቀለሙ እንዳይጠቁር በዲን ያጥኑት እንደነበረ ነገርኳት።

«በዲን?» አለች። «ሰዶምን ባነደደው በዲን? አንቺ፣ ይህን ሰውዬ በደንብ አጣርተሽዋል?»

«ልጃቸው ለሳንባቸው ብላ ከልክላለች አደይ። በፀሐይ ብቻ ነው የምናደርቀው።»

«እንደሱ በይ። ለፀሐዩማ እመጣለሁ።»

ሁሉም ሥራ የማይገባበት ቀን የጁላይ አራት በዓል ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ረቡዕ ላይ ዋለ። የሰኔ ጾም ገና አልተፈታም፤ ረቡዕም ነው፤ ቀኑም መድኃኔዓለም። በጠዋት ነጠላችንን አጣፍተን፣ ከመኪና ስንወርድ አደይ ሁላችንንም አቆመችን።

«ስሙኝ። ማንም ጾመኛ ነኝ ብሎ ፊቱን እንዳያጠቁር። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፣ በሽተኛ ናቸው፤ ተርበው ይሠሩልኛል ብለው እንዳይጨነቁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸልየን እንቀምሳለን።»

ከመካከላችን ትንሿ ፓሎ አልቶ ሆስፒታል የምትሠራው ናት። «አደይዬ፣ የሰኔ ጾም እኮ የቄስ ጾም ነው ይባላል» አለች፣ የልብ ልብ ተሰምቷት።

«እንግዲያው ቄስ ፈልጊና እሱ ይቁረጥልሽ።»

እየሳቅን ገባን። አዛውንቱን የገለባ ባርኔጣ አድርጌላቸው በድጋፍ በቆመው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ንጹሕ ሸሚዝ ልበሱ ሳልላቸው ነበር አልብሽኝ ያሉኝ። ገበታዎቹ ጋራዡ ውስጥ ነበሩ፣ ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ፤ አጥበን ደረደርናቸው። በግራ እጃቸው አሳዩን። ቢላዋው በፍሬው ስፌት ዙሪያ ይዞራል፤ ጠምዘዝ ይደረጋል፤ ለሁለት ይከፈላል፤ ውስጡ ያለው ጠንካራ ፍሬ ይወጣል። ሁለቱ ግማሾች ገበታው ላይ የሚቀመጡት ልክ እንደ ጽዋ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ነው። ከተደፉ ማራቸው ይፈስሳል።

«ያቺ ባለ ነጠላዋ ፈጣን ናት» አሉኝ አደይን እያዩ። «እናቴ ብታያት ትቀጥራት ነበር።»

ተረጎምኩላት። «ደመወዙ ስንት ነው በያቸው» አለች ቢላዋዋን ሳታቆም። ያን ነግሬያቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው እስከ ሳል ደረሰና ጀርባቸውን መታ መታ አደረግኩላቸው።

ያን ጠዋት ሳስታውስ አሁንም ሽታው ነው የሚመጣብኝ። ባዶ ሆድ ሽታ ይበረታል። የበሰለው ፍሬ ሲከፈል ጭማቂው በጣት መሐል ወርዶ እስከ ክንድ ይደርሳል። ሰው ሳያስበው ጣቱን ይልሳል። አደይ ይህን ስላወቀች ገና ሳንጀምር ባልዲ ውሃና ጨርቅ አዘጋጅታ በየመሐላችን አስቀመጠች። ጭማቂው በነካን ቁጥር እጃችንን ነክረን እናብሳለን። አንዷ እጇ ወደ አፏ ሲሄድ አደይ በክርኗ ጎሸም ታደርጋታለች፤ ያቺም ደንግጣ እጇን ባልዲው ውስጥ ትከታለች። ከትምህርት ቤት እንደሚሾልኩ ልጆች እየሳቅን ነበር። በአማርኛ ነው የምንሳሳቀው።

ቀትር ሲሆን እሳቸው ወሬ ማቆማቸውን አየሁ። ደከሙ ብዬ ውሃ አጠጣኋቸው። «እንዴት ነው?» አሉኝ ወደ ገበታዎቹ እያዩ።

«በጣም ያምራል አባባ። ግቢው ሁሉ ወርቅ የተነጠፈበት መሰለ።»

«ማማሩንስ አየዋለሁ» አሉ።

ቀጥለው ፓሎ አልቶ የምትሠራዋን ጠሯት። በግራ እጃቸው ከዛፉ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ አንድ ቀጥፈው ዘረጉላት። እንደዚያ ተንጠራርተው ሲቀጥፉ አይቼ አላውቅም ነበር። ልጅቱ ተቀበለች፤ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። «ሌተር፣ ሌተር፣ ቴንክ ዩ» አለች። ፍሬውን ይዛ አደይ አጠገብ ወዳለው ቦታዋ ተመለሰች፤ ቆረጠችውና ሁለቱን ግማሾች ከሌሎቹ ጋር ደረደረቻቸው። ከዚያ እጇን ታጠበች።

እኔ ይህን ሁሉ ቆሜ አይቻለሁ። ልጅቱ በመጽናቷ በልቤ አመሰገንኳት።

ስምንት ሰዓት ላይ ልጃቸው መጣች። የበዓሉ ቀን ነውና ፕሌዘንተን ለባርቤኪው ልትወስዳቸው፣ ሳምንቱንም እዚያው ልታቆያቸው ተነጋግረን ነበር። እኔ ገበታዎቹን ጠዋትና ማታ እየመጣሁ ላገላብጥ። ዊልቸሩን በገበታዎቹ መሐል ስገፋ አቁሚ አሉኝ። ጓሮው ከጫፍ እስከ ጫፍ በብጫ ጽዋዎች ሞልቷል። እሳቸው በደህናው እጃቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሙቀቱ ነው ብዬ በጨርቅ ግንባራቸውን ጠረግኩላቸው። ሴቶቹም የስንብት መስሏቸው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

መኪናው ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ምሥራቅ ዞረን አባታችን ሆይ አደረስን። ከዚያ አደይ የመጀመሪያዋን አንስታ ነከሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሁላችንም እንደ ንብ ነው የወረድንበት። ጭማቂው ባገጫችን፣ ባንገታችን፣ በነጠላችን ጥለት ላይ ፈሰሰ። ያን የመሰለ ፍሬ ከዚያ በፊትም በኋላም ቀምሼ አላውቅም፤ መጀመሪያ ማር ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፣ ያ መኮምጠጡ ነው ሌላ የሚያስነሳሽ።

«ይህን ነው እንዴ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ጠላት ስንጠብቀው የዋልነው» አለች አደይ አገጯን በመዳፏ እየጠረገች።

እንዴት እንደጣፈጠን ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ነገ እሳቸው ፕሌዘንተን ናቸው። ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ስልክ በደህና አይሰሙም፤ ለዚህም ብዬ ልጃቸውን ኮል ማድረግ የማይመስል ነገር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ገበታዎቹን አገላበጥኩ። ዲን ስላልነካው ብጫነቱ እየተወ ቡናማ ሆነ፤ እየተሸበሸበ የአሮጊት ጆሮ መሰለ። ረቡዕ ማታ ሰብስቤ በማሰሮና በብልቃጥ አስገባሁ። ሐሙስ ሐምሌ አምስት ነው፤ ጾሙ የሚፈታበት፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል። ፈቃድ ወስጄ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ ዋልኩ።

ዓርብ ጠዋት በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ ኩሽናው ብርሃን በዝቶበት ነበር። መጀመሪያ መብራት ሳይጠፋ አደረ ብዬ ማጥፊያውን ፈለግሁ። ፀሐይ ነው። በዚያ መስኮት ገብቶ የማያውቅ ፀሐይ የጋዝ ምድጃው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ያላጸዳሁት አቧራ ላይ ተዘርግቷል። ወደ ጓሮ ተመለከትኩ። ሦስት የግንድ ራሶች፣ እንደ እርጥብ እንጀራ ነጭ፣ ዙሪያቸውን ሰጋቱራ።

ልጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቡናዋን ይዛ ተቀምጣለች።

«ትናንት ተቆረጡ። እሺ አለኝ» አለችኝ ዝቅ ብላ። «ያን ዕለት መኪና ውስጥ ነው ያለኝ። እኔ እንኳ አልጠየቅኩትም ነበር። ሐሳቡን እንዳይለውጥ ብዬ ቸኮልኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«አስቆርጪው አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አንዷም አልቀመሰችውም አለ። አንዷ ከእጄ ተቀብላኝ እንኳ ገበታው ላይ አስቀመጠችው፤ ጭማቂውን እንደ ቆሻሻ ነው ከእጃቸው የሚያጥቡት አለ። ከእንግዲህ የሚፈልገው የለም አለኝ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የእናታቸው ነገር፣ የአገጩ ነገር፣ ባርኔጣው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የመጣብኝ።

«ጾም ላይ ነበርን» አልኳት።

«ከአፕሪኮት? ቪጋን ነኝ አላልሽም?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሁሉም ነው። ከውሃም። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እኮ በላን። ሁላችንም በላን። እንዴት እንደበላን ብታይ…»

እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ለምን አልነገራችሁትም?»

«አይነገርም» አልኩ። ስናገረው ለራሴም ሌላ ሰው የተናገረው መሰለኝ።

ቡናዋን ገፋ አደረገች። ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «እባክሽ እንዳትነግሪው። አሁን ተቀብሎታል፤ ሰላም ላይ ነው። ብትነግሪው ዛፎቹን መልሰሽ ሰጥተሽ እንደገና መንጠቅ ነው የሚሆነው።»

እሺ አልኳት። እሷ ወደ ሥራ ሄደች።

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ጓሮው አድርገው ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ቁርሳቸውን አበላኋቸው፤ አፋቸውን ጠረግኩ። ስለ ዛፉ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ኩሽና ተመለስኩና ብልቃጡን አየሁት። ዓርብ ነው። ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሕመም ካልያዘኝ በቀር ዓርብን በጠዋት ቆርሼ አላውቅም። ማማተብ ፈለግሁ፤ ላማትብ የነበረው ግን ጾሜን በምሽርበት ፍሬ ላይ ነበርና እጄን መለስኩ።

ብልቃጡን ይዤ ሄጄ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። አንድ አውጥቼ በላሁ። ሁለተኛ በላሁ። እሳቸው ያዩኛል። ሦስተኛውን ሳነሣ፣

«ትበያለሽ እንዴ ለካ» አሉኝ።

«እበላለሁ አባባ።»

«ይጣፍጣል?»

«በጣም ይጣፍጣል።»

ቀና ብለው ፊቴን መረመሩ፤ ዓይናቸው ከአፌ በታች ቆመ። «ደረቅ ፍሬ አገጭ አያርስም» አሉ። ከዚያም፣ «ሌሎቹስ?»

ለልጃቸው እሺ ብያለሁ። ግን ፊት ለፊት ጠየቁኝ፤ ዓይን እያየ ለሚጠይቅ አዛውንት ደግሞ አይዋሽም። «ሁሉም በሉ። ጾም ላይ ስለነበርን ሰዓት እየጠበቅን ነው እንጂ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ጭማቂው እስከ ነጠላችን ነው የፈሰሰው።»

«ከሄድኩ በኋላ።»

«በዘጠኝ ሰዓት።»

ግማሽ ፊታቸው ሳቀ። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ በግማሽ ፊት ለመለየት ያስቸግራል። «አባቴም ዛፉን የተከለው ትንሽ ዘግይቶ ነበር» አሉ። ወደ ጉቶዎቹ ዞሩ። ከዚያ ግራ እጃቸውን እጄ ላይ ጣል አደረጉ። «ማወቄን ለልጄ እንዳትነግሪያት። ሕፃኑ ቤት ያስፈልገዋል።»

ለእሷም እሺ፣ ለእሳቸውም እሺ አልኩ። የሁለቱን እሺ ተሸክሜ እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ሠራሁ። ትንሹ ቤት በመከሩ መጨረሻ ተሠርቶ አለቀ። ሕፃኑ መዳህ ሲጀምር በሩ ክፍት ስለሚሆን እየዳኸ ወደ እሳቸው ይመጣል፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ያደርጉለታል፤ እስከ አፍንጫው ይወርዳል። ያን ጊዜ ደስ ብሏቸው አይቻለሁ። ዛፎቹ ቢተርፉ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። ይሁን እንጂ ዛፎቹን የሰጡት ለሕፃኑ ብለው አልነበረም። ማንም አይፈልጋቸውም ብለው ነው የሰጡት። ለሕፃኑ ብለው ቢሰጡ ስጦታ ይሆን ነበር።

ለንስሐ አባቴ ዓርብ ያለ ሰዓት መብላቴን ተናዘዝኩ። ምክንያት አልጨመርኩም። ቀኖና ሰጡኝ፣ ሰግጄ ጨረስኩ። ሳልበላ ስለዋልኩበት ረቡዕ ግን ምን ብዬ እንደምናዘዝ አላወቅኩም። እንደ ሕጉ ነው የዋልኩት። ሁላችንም እንደ ሕጉ ነው የዋልነው።

የቀረውን ብልቃጥ በሚቀጥለው ማኅበራችን ይዤ ሄድኩና ለአደይ ብቻ ለይቼ ነገርኳት። ሌሎቹ እንዳይሰሙ በኩሽና በኩል ነው። እሷ ሰምታ የማትቀልድበት ነገር አልነበረም። ያን ዕለት አልቀለደችም። ከብልቃጡ አንዲት ቡናማ ፍሬ አውጥታ በመዳፏ ያዘች።

«ያቺ ፍሬውን የሰጧት ልጅ እኮ ልትበላው ነበር» አለች። «ጎሸም ያደረግኳት እኔ ነኝ።»

ፍሬዋን ወደ ብልቃጡ መለሰችና ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ገጠመችው።